ባክአፑ ተከፍቶ ይታይ!

እንደሚታወቀው በኮምፒዩተር ክፍላችን «ባክአፕ ተደርጓል» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ማሽን ሲበላሽ መጽናኛችንም ይኸው ነው። ለመሆኑ የተደረገውን ባክአፕ ከፍቶ ውስጡን ያየ ማነው? እኛ ዕጩ መምህራን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን አስተያየት ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ማቅረብ ወደድን።

ጥያቄው የተነሳው ለማስተማር ልምምድ በምንዘጋጅበት ጊዜ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሠልጣኞች ያዘጋጁዋቸው የትምህርት ዕቅዶች፣ የፊደል ካርዶችና ስዕሎች በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበሩ። ማሽኑ አምና ሞተ። ደግነቱ ከመሞቱ በፊት የዲስኩ ሙሉ ኢሜጅ ተወስዶ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ይሰጠን ስንል ያገኘነው መልስ «ኢሜጁን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መመለስ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የሚመለስበትን ዲስክ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አይሆንም» የሚል ነው። ግማሹ ትክክል ነው። ኢሜጅ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ በተቀባዩ ዲስክ ላይ የነበረው ይደመሰሳል። ለጥቂት የትምህርት ዕቅድ ሲባል ደህና ኮምፒዩተር ይጥፋ ያለ የለም። «ስለዚህ አይሆንም» የሚለው ግን አይዋጥልንም።

ኢሜጅ ሲባል ፎቶግራፍ የሚመስለው አይጠፋም፤ «በየትኛው ፕሪንተር ይታተማል?» ብሎ የጠየቀም ጓደኛ አለን። የዲስክ ኢሜጅ ማለት የአንድ ዲስክ ይዘት ከነፎልደሮቹና ከነአደረጃጀቱ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል የተቀዳበት ነው። አደረጃጀቱ ስላልፈረሰ ኮምፒዩተሩ ያንን ፋይል እንደ አንድ ተጨማሪ ዲስክ እንዲያየው ማድረግ ይቻላል። ባለሙያዎች ማውንት ማድረግ ይሉታል፤ እኛ ማያያዝ ብለነዋል። የሚመለስም የሚደመሰስም ነገር የለም። አዲስ የዲስክ ፊደል ብቅ ይላል፣ የተፈለገው ፋይል ኮፒ ይደረጋል፣ ከዚያ ኢሜጁ ይላቀቃል። በቃ።

ለዚህ ደግሞ የሚገዛ ነገር የለም። ዊንዶውስ ራሱ የሚወስደውን የሲስተም ኢሜጅ ቀድሞ በቪኤችዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ በቪኤችዲኤክስ ፋይል ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ «አታች ቪኤችዲ» የሚል ትእዛዝ አለ። ፋይሉን መርጦ «ሪድ ኦንሊ» በምትለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ይህችን ሣጥን መናቅ አይገባም። ምልክቱ ከሌለ ሲስተሙ በኢሜጁ ላይ ሊጽፍበት ይችላል፤ የተጻፈበት ባክአፕ ደግሞ የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑ ይቀራል። አንዳንዴ ኢሜጁ ተያይዞም የዲስክ ፊደል ሳይሰጠው ይቀርና «የለም» ይባላል። ፊደሉን እዚያው ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ መስጠት ይቻላል። ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ተራ የዲስክ ኢሜጅ ያያይዛል። በሌላ ድርጅት ፕሮግራም የተወሰደ ኢሜጅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በዚያው ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ በምን እንደተወሰደ በሃርድ ዲስኩ ላይ ተጽፎ መለጠፍ ነበረበት።

አንዳንድ መምህራን «በውስጡ የፈተና ወረቀትና የተማሪ ውጤት አለ» ሲሉ ይደመጣሉ። ይህን ሥጋት እንጋራለን። ኢሜጅ መርጦ አይቀዳም፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። እኛ ግን ሃርድ ዲስኩ በእጃችን ይግባ አላልንም እኮ! ኃላፊው መምህር ራሳቸው ያያይዙት፣ የትምህርት ዕቅዱን ፎልደር ብቻ ያውጡልን፣ ውጤቱ እዚያው ይቅር። በዚያውም ላይ ሲያደርጉት ቆመን ብናይ ትምህርት ነው። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ቢኖረውና እሱም ቢሞት ማንን ልንጠይቅ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ሌላም ነገር አለ። ኢሜጁ ሲወሰድ በመሃል ተቋርጦ እንደሆነ ወይም ሃርድ ዲስኩ ላይ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ሳይከፈት በምን ይታወቃል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን እንፈራለን። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክም ያረጃል። ስለሆነም የማስተማር ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ተመድቦ ኢሜጁ ሪድ ኦንሊ ሆኖ እንዲያያዝ፣ ከዚያም በየመንፈቁ እንዲሁ እየተከፈተ እንዲታይ እንጠይቃለን። የሚያስፈልገው ፍላሽ ከእኛ ነው።