«ሰኞ ደውል» እየተባለ ስድስት ወር ያልፋል

«ሰኞ ደውል» የተባልኩት አሥራ አራት ጊዜ ነው። የስልኬ የጥሪ ዝርዝር ምስክሬ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ስሠራበት የነበረው ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሁላችንንም በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበተን። ደብዳቤው «ሕጋዊ ክፍያዎ ተሰልቶ ይሰጥዎታል» ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይልም። ፋይናንስ ስሄድ «መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርስ»፣ ክሊራንስ ስጨርስ «ሥራ አስኪያጁ አልፈረሙም»፣ እሳቸው ሲገኙ ደግሞ «አካውንቱ ላይ ብር የለም»። አከራዬ ግን ሰኞን አይጠብቁም።

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር ይነዳል። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ከተማውን ጭር ሲያደርገው የሥራ አጥ ድጎማ አመለከተ። እንደ እሱ በግሉ የሚሠራ ሹፌር በደህናው ጊዜ ድጎማው አይመለከተውም ነበር፤ ያኔ ግን ለጊዜው ተፈቀደላቸው፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስም በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረበት። ታዲያ እሱም ወዲያው አላገኘም። ድረ ገጹ ይዘጋል፣ ስልኩ አይነሳም፣ ሳምንታት አለፉ። በኋላ ግን የዘገየው ሁሉ ተጠራቅሞ ገባለት። ሲነግረኝ የገረመኝ የብሩ መጠን አልነበረም። ሰውየው ሲጠብቅ የነበረው የመንግሥትን ካዝና ነው። እኔ የምጠብቀው የከሰረ አለቃዬን ኪስ ነው።

እኛ አገር የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር የለም። ያለን የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከቀነሰ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በግርድፉ እናስላው፦ በወር 9,000 ብር እየተከፈላችሁ ሦስት ዓመት ሠርታችሁ ድርጅቱ ቢዘጋ 9,000፣ 3,000፣ 3,000 እና 18,000፤ ድምር 33,000 ብር። ሥራ እስኪገኝ ድረስ ለጥቂት ወራት የሚያቆይ ነው፣ በሰዓቱ ከመጣ።

በሰዓቱ ማለት ደግሞ ሕጉ ላይ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ክሊራንስ ሰበብ የሚሆነው እናንተ ራሳችሁ የድርጅቱን ንብረት ሳትመልሱ ካዘገያችሁ ብቻ ነው። በሒሳቡ ላይ ክርክር ካለም አሠሪው ያመነበትን ያህል በዚያው ጊዜ መክፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲጨምር ሊታዘዝ ይችላል። «ሊታዘዝ ይችላል» የምትለዋን አስምሩባት፤ ካልከሰሳችሁ ማንም አያዘውም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከእኛ በፊት በቅነሳ የወጣች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ። «እስቲ አይዞሽ፣ አንረሳሽም» ተባለች። እሷም አለቃዋን መክሰስ ይሉኝታ ያዛት፤ «ነገ ሌላ ቦታ ስለ እኔ ቢጠየቁ ምን ይላሉ?» ብላ ጠበቀች። በስምንተኛው ወር ከሰሰች። የድርጅቱ ጠበቃ ያነሳው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ ይርጋ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል። በስልክ የተነገረ ቃል ቆጠራውን አያቆመውም፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ቢያምን ግን ይቋረጥ ነበር። እሷ ጋ የነበረው «አይዞሽ» ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር ሰው የሚሠራው በሚያተርፈው መንገድ ነው ብለውናል። «ሰኞ ደውል» የሚለው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፣ ግን እያንዳንዱ ሰኞ ያተርፍለታል። ብሩ በኑሮ ውድነቱ ዋጋ ያጣል፣ ስድስተኛው ወር ይቀርባል፣ ግማሹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ከዚህ በላይ የሚገርመው አሠሪ ይህን ሁሉ እንዲከፍል የሚጠየቀው ጭራሽ ገንዘብ ባጣበት ቀን መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጀምር ዣንጥላ ስፋ እንደማለት ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በየወሩ 7 ከመቶ ከእኛ፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ይሰበሰባል። መሰብሰቢያው መንገድ አለ ማለት ነው። በዚያው መንገድ ጥቂት ሳንቲም ለሥራ አጥነት ለብቻው ቢጠራቀም ያንዱ ድርጅት መዝጋት የሁሉም ሠራተኛው ረሃብ አይሆንም። ይህን ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «መንግሥት ጋ ከገባማ ሰኞው ዓመት ይሆናል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ገብቶኛል፣ የአክስቴም ልጅ ጠብቋል። ደግሞም የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የብዙዎቻችን እናት ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ለዚህ መልስ አለኝ አልልም። ቢሆንም የከሰረ ሰው ኪስ ከመጠበቅ ይሻላል።

እስከዚያው እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጥያቄዬን በሁለት ኮፒ ጽፌ ወሰድኩ፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው ማኅተም እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኩ። እምቢ አሉ። አራተኛው ወር ላይ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ገባሁ። የዳኝነት አይከፈልም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ የእኔ አንዴ ተቀጥሯል። ቀጣዩ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ያቺ ልጅም ልትመሰክርልኝ ትመጣለች።