ስለ እንሰት መሞከሪያ መደብ አከፋፈል

በወልቂጤ ዙሪያ ይህ የእንሰት ዓይነት ይሻላል ተብሎ ለገበሬ ከመታደሉ በፊት፥ ብልጫው ከተክሉ ነው ወይስ ከአፈሩ የሚለው ሊመረመር ይገባዋል። አንዱ ዓይነት ፍግ በሚጠግበው በቤቱ ጓሮ፥ ሌላው ከተዳፋቱ ጠርዝ ቢተከል፥ የሚመዘነው መሬቱ ነው። እንሰትም ለመድረስ ብዙ ዓመት ስለሚፈልግ፥ ስሕተቱ የሚገለጠው ገበሬው ከከሰረ በኋላ ነው።

መፍትሔው ከሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ይገኛል። ዓይነቱ 5 ቢሆን ምድሩ በ5 ረድፍና በ5 ዓምድ ይከፈል፤ እያንዳንዱም ዓይነት በየረድፉና በየዓምዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ። ከረድፍ፥ ከዓምድና ከዓይነት ሁለቱን ያወቀ ሰው ሦስተኛውን ያለ ጥርጥር ያገኛል። ይህን ሥርዓት በአልጀብራ ኳዚግሩፕ ይሉታል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ስለ ሰንጠረዡ ኦይለር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1782 ጽፏል፤ ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ጣቢያ የሠራው ሮናልድ ፊሸርም ለሰብል ሙከራ አጽንቶታል። ለ5 ዓይነት 161,280 አሰላለፍ ስላለ፥ ማንም እንዳያዳላ በዕጣ ይለይ ብሏል።

ስለዚህ ለሙከራ መሬት የምትፈቅዱ ሹማምንት፥ ከመንገድ ዳር የተረፈውን ቀጭን ቁራጭ አትስጡ፤ በአራቱም ማዕዘን የተስተካከለ፥ እስኪደርስም ድረስ የማይነቀል ይሁን።