ባለ አምስት ዘንባባው ሐሰት

በአሰላ አንድ ነጋዴ የአርበኝነት ሜዳይ አሳየኝ፤ «ባለ አምስት ዘንባባ ነው፤ ባለቤቱ በጭላሎ ግርጌ የተዋጋ ጀግና ነበር» አለኝ። የጀግናውን ስም ብጠይቀው አያውቀውም፤ ዋጋውን ግን አጥብቆ ያውቃል።

የብረቱን ሐሰት ማወቅስ አይከብድም። በማተሚያ የተመታ ሜዳይ ፊደሉ ስል ነው፤ ከቅጂ ቀልጦ የፈሰሰው ግን የደበዘዘና በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ይሆናል። ሪባኑም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቦግ ካለ ክሩ ዘመን አመጣሽ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ በእውነተኛው ሜዳይ ላይ የሚጨመረው ዘንባባ ነው። አንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት አርበኝነት ምስክር ነው፤ አምስቱ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ቤቴ ላለው። ሁለቱን አምስት ለማድረግ ትንሽ ብረትና ትንሽ ድፍረት ይበቃል፤ ይህንንም ማጉያ መነጽር አያጋልጠውም።

በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በተሰቀለባት አገር፣ ባንዳው ተሾመ አርበኛው ተረሳ የሚለው ሮሮ እስከ ዛሬ አልበረደም። በዚህ ላይ የሐሰት አርበኛ በገበያ ስንፈበርክ ማንን ነው የምንሰርቀው? ሰብሳቢ ወገኖቼ ሆይ፣ የምስክር ወረቀቱንና የባለቤቱን ስም ጠይቁ፤ ሁለቱም ከሌሉ የብረት ዋጋ ክፈሉ፣ ታሪኩንም አትድገሙት።