ዘጠኙን ፋይል አንድ ማድረግ መፍትሔ አይደለም

በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ ከፍ ያለ ክርክር ያስነሣው ጉዳይ የቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በፓይተን ቋንቋና በፍላስክ የተጻፈ ሲሆን፥ ገጾቹ በአንድ ፋይል፥ የአባላቱ መዝገብ በሌላ፥ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በሌላ እየሆነ ዘጠኝ ፋይል አለው። በአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንዳች እንከን ይሠራ ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ሰርቨር በተዛወረ ዕለት ግን ገና ሲነሣ ወደቀ፤ ፓይተንም «መዝገብ የሚባል ሞጁል አላገኘሁም» ሲል መለሰ።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ሁሉንም በአንድ ፋይል ጽፈን እንገላገል» የሚል አሳብ አቀረቡ። እኔ ይህን አሳብ እቃወማለሁ።

በመጀመሪያ ነገር የውድቀቱ ምክንያት የፋይሎቹ መብዛት አይደለም። ጓደኛችን በቤቱ ፕሮግራሙን ያስነሣ የነበረው ወደ ፎልደሩ ገብቶ ዋናውን ፋይል በቀጥታ በመጥራት ነው። እንዲህ ሲደረግ ፓይተን ያ ፋይል ያለበትን ፎልደር በፍለጋው መጀመሪያ ላይ ስለሚያኖር ጎረቤት ፋይሎቹን ሁሉ ያገኛቸዋል። በሰርቨሩ ላይ ግን የሚያስነሣው ጉኒኮርን ነው። ለእርሱ የሚሰጠው ትእዛዝ የፎልደሩ ስም፥ ነጥብ፥ የፋይሉ ስም፥ ሁለት ነጥብ፥ ከዚያም የፕሮግራሙ መጠሪያ ነው፤ ፍለጋውንም የሚጀምረው ከተነሣበት ቦታ፥ ማለት ከፎልደሩ ውጭ ነው። ከውጭ ለቆመ ሰው የሚታየው «ማዋሻ» የሚባለው ፎልደር እንጂ በውስጡ ያለው «መዝገብ» አይደለም። ስለዚህ በየፋይሉ «መዝገብን አምጣ» የሚለውን «ከማዋሻ ውስጥ መዝገብን አምጣ» ብሎ ማረም በቂ ነበር። ይህን ያደረግነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ፋይሎቹን አንድ ብናደርጋቸው ኖሮስ ሁለተኛው መከራ ይቀርልን ነበርን? አይቀርም። ፕሮግራሙ በተነሣ ጊዜ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ታየ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊም የሁለት ወር ድካማቸው የጠፋ መስሏቸው እጅግ ደነገጡ። የጠፋ ግን አልነበረም። ኤስኪውላይት የመረጃው ፋይል ሙሉ አድራሻ ካልተነገረው ፕሮግራሙ በተነሣበት ቦታ ይፈልጋል፤ ካጣም ሳይናገር አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። የእኛም ፕሮግራም ሠንጠረዥ ሲያጣ ራሱ የሚሠራ ስለሆነ ስሕተቱ ተሸፈነ።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው። የጉኒኮርን መመሪያ የሠራተኞችን ቍጥር ሲመክር የፕሮሰሰሩን ኮር በሁለት አባዝቶ አንድ መጨመር ነው ስለሚል፥ ባለ 2 ኮር በሆነው ሰርቨራችን ላይ 5 ሠራተኛ አቆምን። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ማኅደረ ትውስታ አለው። እኛ ደግሞ መጽሐፍ ያስያዙትን ተማሪዎች ስም በመረጃው ፋይል ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ባለ ዝርዝር እናኖር ነበር። አንዱ ሠራተኛ የሰማውን አራቱ ስላልሰሙ ለፈተና የሚፈለግ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ተማሪዎች ተሰጠ፤ ጠቡንም የሚያስታውሱት ያስታውሱታል።

«እንግዲያውስ በፍላስክ የመለማመጃ ሰርቨር ይቆይ» ያሉም ነበሩ። ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የፍላስክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ለእውነተኛ አገልግሎት አትጠቀሙበት ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ የስሕተት መፈለጊያው ክፍት ከቀረም በድር ገጹ ላይ የፓይተን ትእዛዝ ለማስፈጸም መንገድ ይሰጣል።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና በ2010 ለፓይተን 3 የታደሰው የደብሊው ኤስ ጂ አይ ስምምነት ፕሮግራሙንና ሰርቨሩን ስለለያያቸው፥ ነገ ጉኒኮርንን በሌላ ብንተካው ዘጠኙን ፋይል መንካት አያሻንም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ይለዩናል። ተከታዮቻቸው አንድ የተዝረከረከ ረጅም ፋይል ከሚወርሱ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል በየስሙ ተቀምጦ ቢያገኙት ይሻላል።

በሚመጣው ዓመት የክበቡ አባል ሁሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቤቱም ቢሆን ፕሮግራሙን ሰርቨሩ በሚያስነሣበት መንገድ እንዲያስነሣ እጠይቃለሁ። ጉኒኮርን በዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ፥ ዊንዶውስ ያላችሁ ዌይትረስ በሚባለው ተጠቀሙ።