ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊ፤ የሞንቲየን ቡንማ ሕይወትና ሥራ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች ተረት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ልብስና ስለ ጌጥ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ትምህርትና ስለ ጥበብ ልንናገርበት እንወዳለን። ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የተማረ ሰው ወደ ወገኑ ሲመለስ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው በባዕድ አገር ያየውን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተማረውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ አያቶቹ የሠሩትን ብቻ እየደጋገሙ መሥራት ነው። ከሁለቱም ያመለጠ ሰው ሲገኝ፣ አገሩ ሩቅ፣ ሃይማኖቱም ከብዙዎቻችን የተለየ ቢሆን እንኳ፣ ታሪኩን ለወጣት አንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ይህ ሰው ታይላንዳዊው ሠዓሊ ሞንቲየን ቡንማ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሞንቲየን በ1953 በባንኮክ ከተማ ተወለደ። ሥዕል የተማረው በዚያው ከተማ በሚገኘው በሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው። በ1923 ወደ አገሩ የመጣ ኮራዶ ፌሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ቀራጺ ለአገሩ ወጣቶች የአውሮፓን የሥዕልና የቅርጽ ሥራ ማስተማር ጀመረ፤ ትምህርት ቤቱም እያደገ ሄዶ በ1943 ወደ ዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ከፍ አለ። ስለዚህ በታይላንድ ዘመናዊ ሥዕል የሚባለው ነገር ከመነሻው የአውሮፓ እጅ የነካው ነበር። ሞንቲየንም በአገሩ በተማረው አልተወሰነም። መጀመሪያ ወደ ሮም፣ በሰማንያዎቹ ዓመታት አጋማሽም ወደ ፓሪስ ሄዶ ከፍተኛ ትምህርቱን ቀጠለ።

በኢጣሊያ አገር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ድኻ ጥበብ» የሚል ስም የተሰጠው እንቅስቃሴ ተነሥቶ ነበር። የዚህ እንቅስቃሴ ሠዓሊዎች እብነ በረዱንና ነሐሱን ትተው በአፈር፣ በከሰል፣ በጆንያና በጨርቅ ይሠሩ ጀመር። ዓላማቸውም በየአዳራሹ ተሰቅሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ጥበብ መቃወም ነበር። ወጣቱ ታይላንዳዊ ይህን አየ፤ ተማረበትም። ነገር ግን ከዚያ የወሰደው የሥራውን መልክ ሳይሆን ፈቃዱን ነው። ይኸውም ሠዓሊ እጁ ከሚያገኘው ተራ ነገር ሁሉ ትልቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚለውን ነው።

ወደ አገሩ የተመለሰው ታይላንድ በብርቱ ሩጫ ላይ በነበረችበት ጊዜ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በዓመት ከመቶ ዐሥር በላይ ያደገበት ወቅት ነበር፤ ፎቁ ይሠራል፣ ፋብሪካው ይቆማል፣ ደኑ ይጨፈጨፋል። በ1988 በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕይወት ካጠፋ በኋላ መንግሥት በ1989 ከደን ግንድ መቍረጥን ከለከለ። ሞንቲየን በዚህ ጊዜ ዋና ከተማውን ትቶ በሰሜን በሚገኘው በቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በዚያም የሩዝ ጆንያ፣ ገለባ፣ አፈርና የእርሻ ጎሽ ቀንድ እየሰበሰበ የገበሬውን ኑሮ የሚናገሩ ሥራዎችን ማቅረብ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ጆንያውን ኢጣሊያኖች ቀድመው ሠርተውበት የለም ወይ? ታዲያ ይህ ሰው ምን ጨመረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሳችንም አንድ ዕቃ በሁለት አገር ሁለት ቋንቋ ይናገራል የሚል ነው። በሮም ጆንያ በአዳራሽ ውስጥ ሲታይ የሀብታሙን ጥበብ የሚቃወም ነገር ነበር። በታይላንድ ግን ጆንያ የሩዝ መያዣ ነው፤ ሩዝም የአገሩ እንጀራ ነው። ያንን ጆንያ ያየ የቺያንግ ማይ ሰው ስለ አውሮፓ ክርክር አያስብም፤ የሚያስበው ልጆቹ ወደ ከተማ ስለ ፈለሱበት ገበሬ ነው። እንግዲህ መማር ማለት ይህ ነው እንላለን፤ ዘዴውን ከሩቅ አምጥቶ ነገሩን ከቤት መናገር።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የሠዓሊውን ሃይማኖት የሚመለከት ነው። ከታይላንድ ሕዝብ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። የዚህ እምነት የመጀመሪያው ትምህርት ሕይወት ሥቃይ አለበት፣ ለሥቃዩም ምክንያት አለው፣ ሥቃዩ ሊቆም ይችላል፣ የሚቆምበትም መንገድ አለ የሚል ነው። ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑን ያስተምራል፤ ምእመኑም ቁጭ ብሎ የገዛ ትንፋሹን እየተከታተለ አሳቡን እንዲሰበስብ ይመክራል። የቡድሃን መልክ በወርቅ ቀብቶ ለአገር ጎብኚ መሸጥ በታይላንድ ቀላል ንግድ ነው። ሞንቲየን ግን ይህን አላደረገም። ከገዳም የወሰደው የጣዖቱን መልክ ሳይሆን ባዶውን የምጽዋት ሳሕን፣ የደወሉን ድምፅና ጸጥታውን ነው።

ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነው በ1992 የሠራው «የሎተስ ድምፅ» የተባለው ሥራ ነው። ከሸክላ የተሠሩ አምስት መቶ ያህል ደወሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ ከወዲያ በኩል ወርቅ የተቀቡ የሎተስ አበባ ቅጠሎች ይታያሉ። ደወሎቹ በምንም አልተያያዙም። ተመልካቹ ወደ አበባው ለመድረስ ቢቸኵል ግድግዳው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ቆሞ፣ ትንፋሹን ገትቶ ከማየት በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። ስለ ትዕግሥት ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ነገር ግን ተመልካቹን በእውነት ታጋሽ የሚያደርግ ሥራ እምብዛም አይገኝም። ይህ ሥራ በ1993 በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ ታይቶ እዚያው በኵዊንስላንድ የሥነ ጥበብ አዳራሽ ቀርቷል።

በዚሁ ዘመን በቤቱ ላይ ከባድ መከራ ወረደ። ባለቤቱ በጡት ነቀርሳ ታመመች፤ እሱም ሐኪም ቤትና ገዳም ሲመላለስ ቆይቶ በ1994 ሞተችበት። አንድ ሕፃን ልጅም ነበራቸው። ሌላው ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ሥራውን ይተው ነበር፤ ወይም ኀዘኑን በጩኸት ይገልጸው ነበር። ሞንቲየን ያደረገው ግን ሌላ ነው። በ1996 «አሮክያሳላ» የተባለውን ሥራ አቀረበ። ቃሉ የሕሙማን ማረፊያ ቤት ማለት ነው። በዐሥራ ሁለተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የነገሡት የክመር ንጉሥ ሰባተኛው ጃያቫርማን በግዛታቸው ውስጥ 102 የሕሙማን ቤቶች እንደ ነበሩ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ይመሰክራል፤ ከእነዚህም የጥቂቶቹ ፍራሽ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ይገኛል። ሠዓሊው ይህን አሮጌ ስም አንሥቶ፣ ከብረት ሣጥኖች ትንሽ ቤት አቁሞ፣ በውስጡ የሳንባ ቅርጽ ሰቅሎ፣ ሁሉንም የመድኃኒት ቅጠልና ሥራሥር ሽታ እንዲሸት አደረገው። የገባው ሰው ሥራውን በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በአፍንጫውና በሳንባው ይቀበለዋል። በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ ባሳየው «የተስፋ ቤት» በተባለው ሥራም የመድኃኒት ቅጠል እንክብሎችን እንደ መቍጠሪያ በክር እየሰካ በብዛት አንጠልጥሏል።

«ታዲያ ቅጠሉ ሚስቱን አዳናት ወይ?» የሚል ይኖራል። አላዳናትም። ሠዓሊውም ያድናል ብሎ አልተናገረም። እኛም ሳይንስን ትታችሁ ሽታ አሽትቱ የምንል አይደለንም፤ ነቀርሳን የሚያክመው ሐኪም ነው። ነገር ግን ሐኪም የሚያክመው ሥጋን ሲሆን፣ በሐኪም ቤት መተላለፊያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ መልስ የሚጠባበቀውን ዘመድ የሚያክመው ማን ነው? የጥንቱ ንጉሥ የሕሙማኑን ቤት ሲያሠሩ ጸሎት ቤት አብረው ያሠሩት ይህን ጥያቄ ስላወቁት ይመስለናል። ሞንቲየንም በዘመናችን ቋንቋ መልሶ ጠየቀው።

ይህ ጉዳይ የሠዓሊዎች ብቻ አይደለም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣት ነገ ሐኪም ቤት ያስተዳድራል፣ የከተማ ፕላን ይነድፋል፣ የባለጉዳይ መቀበያ ክፍል ያዛል። በዚያን ጊዜ የሚያስበው ስለ አልጋው ቁጥርና ስለ ጣራው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሥራውን ግማሽ ሠርቶታል። የሚጠባበቅ ሰው የሚቀመጥበት ጥላ፣ የተጨነቀ ሰው ጥቂት የሚተነፍስበት ጸጥ ያለ ስፍራ፣ ከበጀት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚሠረዘው ይኸው ነው። በታይላንድ መንገድ ዳር መንገደኛ የሚያርፍበት ጣራ ያለው ክፍት ዳስ «ሳላ» ይባላል። ሞንቲየን ለብዙ ሥራዎቹ ይህንን ስም መስጠቱ እንዲያው ለውበት አይደለም። ሰው የሚያርፍበት ስፍራ ያስፈልገዋል ማለቱ ነው።

ሞንቲየን ራሱም በነቀርሳ በሽታ ታሞ በ2000 በ47 ዓመቱ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ በ2003 በኒው ዮርክ በእስያ ማኅበር አዳራሽ ሥራዎቹ ተሰብስበው ታዩ፤ በ2005 ደግሞ በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ሥራው አገሩን ወክሎ ቀረበ። በሮም የተማረው ልጅ በአፈርና በቅጠል ሥራው ወደ ኢጣሊያ ተመለሰ ማለት ነው።

የሥራዎቹ ሽታ ከዓመት ዓመት እየደከመ መሄዱ አይቀርም፤ ሸክላም ይሰበራል። ለዘለዓለም የሚቆም ሐውልት የሚወድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረው ይሆናል። እኛ ግን አላፊነትን የሚያስተምር ሰው በማያልፍ ነገር ቢሠራ ኖሮ ራሱን ባስተባበለ ነበር እንላለን። ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ለመሄድ ለተዘጋጁትም ሆነ ተምረው ለተመለሱት ወጣቶች ከዚህ ሕይወት የምናወጣው ምክር አጭር ነው። ሂዱ፣ ተማሩ፣ ዘዴውን በሚገባ ያዙ። ስትመለሱ ግን በእናታችሁ ጓዳ፣ በገበሬው ጎተራ፣ በሕሙማን ደጅ ያለውን ነገር በአዲስ ዐይን ተመልከቱት። ሥራችሁ የሚጠብቃችሁ እዚያ ነው።