ማከራየት ሌላ፥ መሸጥ ሌላ

በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋራ ቡና ለመጠጣት ወደ አንድ ቤት ገብተን ነበር። ወዳጄ ሥራው ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ከተቀመጥንበት ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ በእንጨት ክፈፍ ሆኖ ተሰቅሏል። ጎሕ ሲቀድ የታየ ተራራ ነው፤ ከሥሩ ጭስ የሚወጣበት የሣር ጎጆ አለ። ወዳጄ ትክ ብሎ አየውና ስኒውን አስቀምጦ፥ «ይህን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ስሙ ግን አልተጻፈበትም። የቤቱን ባለቤት ብንጠይቀው ከሥዕል ነጋዴ በገንዘቡ የገዛው መሆኑን ነገረን። እውነቱን ነው፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት፥ ወዳጄ ሃያ ያህል ፎቶግራፎቹን ለአንድ ወኪል ሲያስረክብ የፈረመውን ውል ሳያነብ በመቅረቱ ነው።

አንባቢ ምናልባት «የፎቶግራፍ ወኪል ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን ይዞ ከሆቴል ሆቴል፥ ከመደብር መደብር ሲዞር ቢውል ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሥራውን ለወኪል ድርጅት ይሰጣል። ወኪሉ ደግሞ ለግድግዳ ጌጥ የሚሆኑ ሥዕሎችን ለሚያትሙ ድርጅቶች የማተም ፈቃድ ይሰጥና ከሚገኘው ገንዘብ ለራሱ ቀንሶ የቀረውን ለባለሙያው ይከፍላል። ይህ ከማከራየት አይለይም። ቤቱን ያከራየ ሰው ኪራዩን ይቀበላል፤ ቤቱ ግን የእርሱ ነው። የሸጠ ሰው ግን ዋጋውን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ቁልፉን ያስረክባል። ብዙዎች ባለሙያዎች ያከራዩ እየመሰላቸው ሸጠው መገኘታቸው ነው የሚያሳዝነው።

የማከራየት ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ የፈረንሳዊው የሮቤር ዱዋኖ ታሪክ በደንብ ያስረዳናል። ዱዋኖ እ.ኤ.አ. በ1950 «ላይፍ» ለሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሲሳሳሙ አነሣ። ፎቶግራፉ በመጽሔቱ ወጣ፤ ከዚያም ተረሳ። ከ36 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1986፥ ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ሥዕል ሆኖ ታተመ። ያን ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ በየተማሪው ክፍልና በየቡና ቤቱ ተሰቀለ። ዱዋኖ «ራፎ» ከሚባለው ወኪል ጋራ ከ1946 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ 1994 ድረስ፥ ሲሠራ የኖረ ሰው ስለ ነበረ፥ ሥራው የማን እንደ ሆነ ማንም አልጠፋውም።

ዝናው ግን ክርክርም አስከተለ። «የተነሣነው እኛ ነን» የሚሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ዱዋኖም ፎቶግራፉ በድንገት የተነሣ ሳይሆን፥ የቲያትር ተማሪዎች የነበሩትን ሁለቱን ወጣቶች አስፈቅዶ ያነሣው መሆኑን ገለጠ። ልጅቱም በተራዋ ከሽያጩ ድርሻ ይገባኛል ብላ ከሰሰች፤ አልተፈረደላትም። ነገር ግን ያን ጊዜ ባለሙያው የሰጣት አንድ ቅጂ በእጅዋ ነበረ፤ ማኅተሙም ነበረበት። ያንን አንድ ወረቀት እ.ኤ.አ. በ2005 በጨረታ ብታወጣው በ155,000 ዩሮ ተሸጠ። እንግዲህ አንዲት ማኅተም ምን ያህል እንደምትመዝን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በተቃራኒው ደግሞ ስም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እንመልከት። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1932 በኒው ዮርክ ከተማ፥ በመሠራት ላይ በነበረው የሮክፌለር ሕንጻ ጫፍ፥ አሥራ አንድ ሠራተኞች በብረት ምሰሶ ላይ በአየር ተንጠልጥለው ምሳቸውን ሲበሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተነሣ። ይህንን ሥዕል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በእኛም ከተማ በየምግብ ቤቱ ተሰቅሎ ይታያል። የመስታወት ነጋቲቩ ከወኪል ወደ ወኪል ሲተላለፍ ኖሮ ተሰብሯል፤ ስብራቱ ግን እስከ ዛሬ በጥንቃቄ ተቀምጧል። የማተም ፈቃዱ አሁንም ገንዘብ ያስገኛል። ፎቶግራፉን ያነሣው ግን ማን ነው? በ2003 አንድ ሰው ነው ተብሎ ስሙ ተመዘገበ፤ በኋላ በዚያ ቀን ሌሎችም ፎቶግራፍ አንሺዎች በቦታው እንደ ነበሩ ስለ ታወቀ እንደገና አጠራጣሪ ሆነ። ነጋቲቩ መዝገብ ቤት አገኘ፤ ያነሣው ሰው ግን ስሙን እንኳ አላገኘም።

ይህ እንዳይደርስባቸው ያሰቡ ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 ሮበርት ካፓ፥ አንሪ ካርቲየ ብረሶን፥ ጆርጅ ሮጀርና ዴቪድ ሲሞር «ማግነም» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ወኪሉ የባለሙያዎቹ የራሳቸው ንብረት ሆነ፤ የፎቶግራፉም መብት ላነሣው ሰው እንዲቀር ተደረገ። መጽሔቶች ሥራውን ተጠቅመው ይመልሳሉ እንጂ ጠቅልለው አይወስዱም። ዛሬ ይህ እንደ ተራ ነገር ቢታይም፥ ያን ጊዜ ግን መጽሔቱ ሁሉንም ጠቅልሎ መያዙ የተለመደ ነበረ።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ አንድ የታተመ ሥዕል በመደብር 2,000 ብር ይሸጣል እንበል። አታሚው ለመደብሩ ያስረከበው በ1,000 ብር ነው። ውሉ «ከአታሚው ሽያጭ ከመቶ አሥር» የሚል ከሆነ፥ 100 ብር ይወጣል። ወኪሉ ግማሹን ከወሰደ ለባለሙያው የሚደርሰው 50 ብር ነው። ውሉ ደግሞ «ወጪ ተቀንሶ» የሚል ቃል ካለበት ከዚያም ያንሳል። ሂሳቡን የሚመለከትበት መብት ከሌለው ደግሞ፥ ድርሻው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

ስለዚህ የሚፈርም ሰው አምስት ነገሮችን ይጠይቅ። ፈቃዱ ለስንት ዓመት ነው? ለየትኛው አገር ነው? ለዚህ ወኪል ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ልሰጥ እችላለሁ? ከመቶ የሚታሰበው ከየትኛው ገንዘብ ነው፥ ሂሳቡስ መቼ መቼ ይቀርብልኛል? ስሜ በሥዕሉ ላይ ይጻፋል ወይ? በፎቶግራፉ ላይ ፊቱ የሚታወቅ ሰው ካለ ደግሞ የዚያን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ወኪሎች ሁሉ ቀማኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ደኅና ወኪል የማያውቁትን ገበያ ያሳያል፥ ያልከፈለውን ያስከፍላል፥ ያለ ፈቃድ ያተመውንም ይከስሳል። ግማሹን ቢወስድም ለሠራው ሥራ ነው። ክርክሬ ከድርሻው መጠን ጋራ ሳይሆን፥ ሁሉን ለዘለቄታው ከሚጠቀልለው ውል ጋራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሕግ አውጪዎቻችን ማሳሰብ እወዳለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲና ለሠዓሊ ጥቅሙን በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ለፎቶግራፍ የሰጠው ጊዜ ግን ከተነሣበት ቀን ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። እስቲ የዱዋኖን ታሪክ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ፎቶግራፉ ገበያ ያገኘው ከተነሣ በ36 ዓመቱ ነው። ዱዋኖ በእኛ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ገበያው ሲደራ የእርሱ ጊዜ ካለፈ አሥራ አንድ ዓመት ይሆነው ነበር። አሁን በሃያ አምስት ዓመቱ ካሜራ ያነሣ ወጣት ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያ ሥራዎቹ ማንም የሚያትማቸው ይሆናሉ ማለት ነው። ብርሃንን ጠብቆ፥ ተራራ ወጥቶ፥ ሌሊት ነቅቶ የሚሠራ ሰው ብሩሽ ከያዘው ሰው የሚያንስበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

ሥዕል የምንገዛም ሰዎች ድርሻ አለን። ከነጋዴው ፊት ቆመን «ይህን ያነሣው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ገንዘብ አያስወጣንም። ጥያቄው በበዛ ቁጥር ነጋዴው ስሙን መጻፍ ይለምዳል።

ወዳጄ በዚያው ማታ ውሉን ከሣጥን አውጥቶ አብረን አነበብነው። በሁለተኛው ገጽ፥ በደቃቅ ፊደል፥ «ማናቸውንም መብት ያለ ጊዜ ገደብ አስተላልፌአለሁ» ይላል። ፊርማው የራሱ ነው። ስለ ተራራው ፎቶግራፍ የምንለው ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ግን ወደ ማኅተም ቀራጭ ሄዶ ስሙን አስቀረጸ፤ ከዚያ ወዲህ ከእጁ የሚወጣ ፎቶግራፍ ሁሉ ከጀርባው ይታተምበታል።