ጢስ ስለ ገፈፋት ምድር፤ ለዋግ ወገኖቼ

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች የምትኖሩ ወገኖቼ፤

እንጀራ ፍለጋ ከመጣሁበት ከካናዳ ምድር ይህን የምጽፍላችሁ፣ በኦንታሪዮ ግዛት የምትገኘው የሰድበሪ ከተማ በጢስ ምክንያት የደረሰባትን መከራ እናንተ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ስለምሻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚያች አገር መዳብና ኒኬል በተገኘ ጊዜ፣ ባለ ፋብሪካዎቹ የአካባቢውን ዛፍ ቆርጠው እየከመሩ፣ ማዕድኑንም በላዩ እየጫኑ፣ ዲኑ እስኪወጣለት ድረስ ለወራት በሜዳ ያነዱት ነበር። መሬት ለመሬት የሚሳበው ጢስ በቅጠሉ ቀዳዳ ገብቶ ያደርቀዋል፤ ከዝናብ ጋር ሲወርድ አፈሩን ያኮመጥጣል፤ አብሮት የሚረግፈው የመዳብና የኒኬል ብናኝም ሥሩን ይመርዛል፤ ሥር ያጣውን አፈር ጎርፍ ጠርጎት ሲሄድ የጠቆረ ዓለት ብቻ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ 20,000 ሄክታር ያህል ፈጽሞ ሲራቆት፣ 80,000 ገደማ የሚሆነው ደግሞ ተጎሳቁሎ ቀረ።

በ1972 እ.ኤ.አ. 381 ሜትር የሚረዝም የጢስ መውጫ ተሠራ። የከተማይቱ አየር ጠራ፤ ጢሱ ግን ከፍ ብሎ ወደ ሩቅ ሐይቅና ደን ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። እውነተኛው ፈውስ የመጣው ዲኑ ከፋብሪካው ሳይወጣ መያዝ ሲጀምር ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ሥራ ያጡ የማዕድን ሠራተኞችና ተማሪዎች የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በጆንያ ተሸክመው፣ በኮረብታው ላይ በእጃቸው እየበተኑ ሣር ዘሩ፤ እስከ ዛሬም ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ ተተክሏል።

የዋግን ተራራ ያራቆተው መጥረቢያ፣ ሞፈር፣ የከብት ብዛትና ጎርፍ ስለ ሆነ፣ የሰድበሪን ኖራ ወስዳችሁ በትኑ አልላችሁም፤ እርከናችሁና ከከብት የከለላችሁት ተራራ ይበልጥ ይበጃችኋል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር የተጠበቁት ጽድና ወይራም ለዘር ይሆኗችኋል። ነገር ግን አንድ ቀን ማዕድን አቅላጭ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ልትከል ብሎ ቢመጣ፣ ስለሚቀጥረው ሰው ብዛት ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ ጢሱን በምን እንደሚይዘው ጠይቁት፤ ረጅም ጢስ መውጫ እሠራለሁ ቢላችሁም በቂ መልስ አድርጋችሁ አትቀበሉት። ውሉ ሳይፈረም አፈራችሁንና ውሃችሁን በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሩ፤ የምርመራውም ጽሑፍ አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ ሌላው በእናንተው ሽማግሎች እጅ ይቀመጥ።